ሽልማቱ ለማን ይገባል?

ስለ ትምህርት ቤት ቴክኖሎጂና ስለ መሪ መምህራን በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ በቆቃ የቀረበ ንግግር



ይህ ስብሰባ በቆቃ መደረጉ ለዛሬው ርእስ መልካም መንደርደሪያ ይሆናል። የአዋሽን ወንዝ ገድቦ በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቆቃ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ጣሊያን ለኢትዮጵያ በከፈለችው የጦር ካሣ የተሠራ ሲሆን፣ 43.2 ሜጋዋት ኃይል እንዲያመነጭ ታስቦ የተተከለ ነው። በዘመኑም ከአገሪቱ ታላላቅ ሥራዎች አንዱ ነበር። ይሁን እንጂ ከግድቡ የተነሣው የኤሌክትሪክ መሥመር በመንደሮች አናት ላይ እያለፈ ወደ ከተሞችና ወደ ፋብሪካዎች ሲጓዝ፣ ከሥሩ የነበሩ ብዙ የገጠር ት/ቤቶች ለረጅም ዘመን ያለ መብራት ኖረዋል። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የኃይል መኖርና የኃይል ለሰው መድረስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በሁለቱ መካከል መሥመር የሚዘረጋ፣ ምሰሶ የሚተክል፣ ሲበላሽ ወጥቶ የሚጠግን ሰው ያስፈልጋል። የትምህርት ቴክኖሎጂም እንደዚሁ ነው። ራዲዮኑ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ኮምፒዩተሩና ታብሌቱ የኃይል ምንጮች ናቸው፤ ኃይሉን ለተማሪው የሚያደርሰው ግን መምህሩ ነው። እንዲህ ከሆነ፣ በት/ቤት ውስጥ የቴክኖሎጂን አጠቃቀም የሚመራ መምህር እንዴት ይታወቃል? በምን መለኪያስ ይመዘናል? ሽልማቱስ ምን ሊሆን ይገባል? የዚህ ንግግር ጥያቄዎች እነዚህ ሦስቱ ናቸው።

እስካሁን የተለመደው አሠራር ለማንም እንግዳ አይደለም። ለአንድ ት/ቤት ኮምፒዩተሮች በተለገሡ ጊዜ በዓል ይደረጋል፤ ሪባን ይቈረጣል፤ የለጋሹ ስም በክፍሉ በር ላይ ይጻፋል፤ ፎቶግራፍም ይነሣል። ከዚያ በኋላ የሚመጡት ወራትና ዓመታት ግን ፎቶግራፍ አንሺ የላቸውም። የስምጥ ሸለቆው አቧራ ወደ መሣሪያዎቹ ሲገባ በቡሩሽ የሚያጸዳ፣ መብራት በጠፋ ቊጥር ትምህርቱን በጠመኔና በጥቁር ሰሌዳ የሚያስቀጥል፣ በዕረፍት ሰዓቱ ባልደረቦቹን ሰብስቦ የሚያሠለጥን መምህር በየት/ቤቱ አለ። ስሙ ግን በበሩ ላይ አልተጻፈም። በጓደኞቹ ዘንድ «ማሽን የሚያውቀው መምህር» ከመባል ያለፈ ማዕርግም የለውም።

የአገሪቱን የትምህርት ታሪክ መለስ ብሎ ለተመለከተ፣ አዲስ መሣሪያ በመጣ ቊጥር የመምህሩ ድርሻ ሲዘነጋ ይታያል። በሌላ በኩል ደግሞ መሣሪያው ፍሬ ባፈራበት ቦታ ሁሉ አንድ ትጉህ መምህር ይገኛል።

በመጀመሪያ የትምህርት ራዲዮን እንውሰድ። የትምህርት ራዲዮ በሥራ ላይ በዋለባቸው ዓመታት ለብዙ የገጠር ት/ቤቶች ከከተማ የሚመጣ ብቸኛው ድምፅ እርሱ ነበር። ነገር ግን ራዲዮ የተማሪን ጥያቄ አይሰማም፤ ልጁ ያልገባውንም አይደግምለትም። ስለሆነም ከሥርጭቱ በፊት ተማሪዎችን የሚያዘጋጅ፣ በሥርጭቱ ጊዜ ዋና ዋናውን ነጥብ በሰሌዳ የሚጽፍ፣ ከሥርጭቱም በኋላ የሚጠይቅና የሚያብራራ መምህር ግድ ነበር። የባትሪ ድንጋይ ሲያልቅ ከየትም ፈልጎ የሚያመጣውም እርሱ ነበር። በአውራጃ ፔዳጎጂካል ማዕከላትና በየት/ቤቱ በተቋቋሙት ፔዳጎጂካል ማዕከሎች መምህራን በማዳበሪያ ጆንያ ላይ ካርታ ስለዋል፤ ከሸክላ፣ ከእንጨትና ከጣሳ የሳይንስ መሣሪያ ሠርተዋል። ቴክኖሎጂ የሚለው ቃል ዛሬ ወደ አእምሮ የሚያመጣው መስታወት ያለውን ዕቃ ቢሆንም፣ በጆንያ ላይ የተሣለው ካርታም በዘመኑ ቴክኖሎጂ ነበር። ልዩነቱ የጆንያውን ካርታ የሠራው መምህር መሥሪያውንም መጠገኛውንም በእጁ መያዙ ነበር።

ሁለተኛው የፕላዝማ ዘመን ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች ክፍሎች ውስጥ የፕላዝማ ቴሌቪዥኖች ተሰቀሉ፤ በደቡብ አፍሪካ በእንግሊዝኛ የተዘጋጁ የሒሳብ፣ የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪ፣ የባዮሎጂና የሌሎችም ትምህርቶች በሳተላይት ይሠራጩ ጀመር። ዓላማው በጎ ነበር፤ በሩቅ ወረዳ የሚማረው ልጅ በአዲስ አበባ ከሚማረው ጋር አንድ ዓይነት ትምህርት እንዲያገኝ ታስቦ ነው። ነገር ግን ከክፍለ ጊዜው ትልቁን ክፍል የያዘው በመስታወቱ ውስጥ ያለው አስተማሪ ሲሆን፣ በክፍሉ የቆመው መምህር በመግቢያና በመዝጊያ በጥቂት ደቂቃዎች ተወሰነ። ትምህርቱ ፈጠነብን የሚሉ ተማሪዎች በዙ። መብራት በጠፋ ጊዜም ሥርጭቱ ጠብቆ ስለማይቆይ የዕለቱ ትምህርት እንደ ወራጅ ውኃ አለፈ። ብዙ መምህራንም ራሳቸውን ማብሪያና ማጥፊያ የሚነካ ሠራተኛ አድርገው እስከ መቊጠር ደርሰው እንደነበር ይታወሳል።

ይሁን እንጂ በዚያ ሁኔታ ውስጥም የተለየ ሥራ የሠሩ ነበሩ። ሥርጭቱ የሚያልፍበትን ርእስ አስቀድመው አጥንተው አስቸጋሪዎቹን የእንግሊዝኛ ቃላት በዋዜማው ያስተማሩ፣ ከሥርጭቱ ያመለጠውን በትርፍ ሰዓት የከለሱ፣ ተማሪዎችን በቡድን ከፍለው ያነጋገሩ መምህራን ነበሩ። መሣሪያው በሁለቱ ዓይነት መምህራን ክፍል አንድ ነበር፤ የተማሪዎቹ ዕውቀት ግን አንድ አልነበረም። የሚያሳዝነው ግን ይህን ልዩነት የመዘገበ አልተገኘም። የተቈጠረው የተሰቀሉት ቴሌቪዥኖች ብዛት ነበር።

ሦስተኛው ምሳሌ ለዚህ አካባቢ ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የተባለው ድርጅት በሁለት የኢትዮጵያ መንደሮች ሙከራ አደረገ። አንደኛው በወንጪ ተራራ ላይ፣ ሁለተኛው ደግሞ ከአዳማ ወደ መተሐራ በሚወስደው መንገድ በምትገኘው በወለንጪቲ አካባቢ ነበር። በእያንዳንዱ መንደር ሃያ ለሚሆኑ፣ ከዚያ በፊት የተጻፈ ነገር ለማየት ዕድል ላልነበራቸው ልጆች፣ በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶች በታሸገ ካርቶን ተሰጡ። መምህርም ሆነ መመሪያ አልነበረም። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት እንደተናገረው፣ አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ በሁለት ሳምንት ልጆቹ የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ይዘምሩ ጀመር፤ በአምስት ወር ውስጥም የተቈለፈውን የካሜራ ክፍል ከፈቱት። ወሬው በዓለም ጋዜጦች ላይ «ያለ መምህር የሚማሩ ልጆች» በሚል መንፈስ ተሠራጨ።

የእነዚያ ልጆች ብልህነት የሚያኮራ ነው፤ ማንም ሊያሳንሰው አይገባም። ነገር ግን ወሬው ሲተረክ አንድ ነገር ተዘሎ ነበር። ታብሌቶቹ በፀሐይ ኃይል እንዴት እንደሚሞሉ ለመንደሩ ጎልማሶች ሥልጠና ተሰጥቶ ነበር። በየሳምንቱም አንድ ባለሙያ ወደ መንደሮቹ እየሄደ የመረጃ ካርዶቹን ይለዋውጥ ነበር። እንግዲህ ከመሣሪያው አጠገብ ሰው አልጠፋም፤ የጠፋው የዚያ ሰው ስም ነው። ከዚህም ሌላ ማብሪያን ማግኘትና ፊደልን መዘመር ከንባብ ጋር አንድ አይደለም። ልጁ የሚያነበውን ከሚናገረው ቋንቋ፣ ከሚኖርበት እርሻና ገበያ ጋር የሚያገናኝለት ሰው ይፈልጋል።

አራተኛው የቅርብ ጊዜ ትዝታ ነው። በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ት/ቤቶች እንዲዘጉ በተወሰነ ጊዜ፣ ትምህርት በራዲዮና በቴሌቪዥን እንዲቀጥል ጥረት ተደረገ። በከተሞች ያሉ መምህራን ደግሞ ማስታወሻና መልመጃ በቴሌግራም ይልኩ ነበር። የስልካቸውን ካርድ የሚሞሉት ከደመወዛቸው ነበር። ስልክ ለሌላቸው ልጆች መልመጃውን በወረቀት አባዝተው ያደረሱም ነበሩ። ት/ቤቶች ሲከፈቱ ሁሉም ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ያ ሁሉ ድካም ግን በማንም የሥራ አፈጻጸም መመዘኛ ቅጽ ላይ አንድ መሥመር አላገኘም።

የውጭውን ዓለም ስንመለከት ሁለት የአፍሪካ ምሳሌዎች ለጉዳዩ ብርሃን ይሰጣሉ። የመጀመሪያው የኬንያው መምህር ፒተር ታቢቺ ነው። በናኩሩ አውራጃ፣ ይኸውም በዚሁ በስምጥ ሸለቆ በደቡባዊው ክፍል፣ ከሪኮ በተባለ የገጠር ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት የሳይንስ መምህር ነበር። ት/ቤቱ አንድ ኮምፒዩተር ብቻ ነበረው፤ የኢንተርኔቱም መሥመር አስተማማኝ አልነበረም። መምህሩ ግን ወደ ከተማ የኢንተርኔት ቤቶች እየሄደ ለትምህርቱ የሚሆነውን ቀድቶ ያመጣና ያለ ኢንተርኔት በክፍል ያስተምርበት ነበር። ከደመወዙም አብዛኛውን ለችግረኞች ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ ሚሊዮን ዶላር የሚያስገኘው የዓለም መምህር ሽልማት በዱባይ ሲሰጠው፣ ዳኞቹ የመዘኑት የመሣሪያውን ብዛት አልነበረም። በአንድ ኮምፒዩተር የተሠራውን ሥራ ነው።

ሁለተኛው የጋናው መምህር ሪቻርድ አፒያ አኮቶ ነው። በአሻንቲ ክልል በሚገኘው ት/ቤቱ አንድም ኮምፒዩተር ሳይኖር ተማሪዎቹ በኮምፒዩተር ትምህርት ብሔራዊ ፈተና መቀመጥ ነበረባቸው። ስለዚህ የኮምፒዩተሩን ገጽ ከነምልክቶቹ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በቀለም ጠመኔ እየሣለ ያስተምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ፎቶግራፉ በፌስቡክ ወጥቶ ዓለም ሲያየው ማይክሮሶፍት ወደ ሲንጋፖር የመምህራን ጉባኤ ጋበዘው፤ ከተለያዩ ለጋሾችም ኮምፒዩተሮች ተላኩለት። ታሪኩ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ጥያቄም ያስነሣል። ያ ፎቶግራፍ ባይነሣ ኖሮስ? መምህሩ ያው መምህር፣ ሥራውም ያው ሥራ ነበር። የመምህር ክብር በፎቶግራፍ ዕድል ላይ ሊንጠለጠል አይገባውም። የሙያ ማኅበር የሚያስፈልገውም ፎቶግራፍ ያላገኘውን መምህር ፈልጎ ለማግኘት ነው።

በኢትዮጵያ የመምህራን የዕድገት መሰላል ከጀማሪ መምህር ተነሥቶ በመለስተኛ መምህር፣ በመምህር፣ በከፍተኛ መምህርና በተባባሪ መሪ መምህር በኩል ወደ መሪ መምህር የሚያደርስ ነው። «መሪ» የሚለው ቃል ስለዚህ በመዝገቡ ላይ አስቀድሞ ተጽፏል። ነገር ግን መምራት ማለት ሌላው እንዲከተል ማድረግ ነው። በአገልግሎት ዘመን ብቻ መሪ የሆነ መምህርና፣ ባልደረቦቹን አዲስ የማስተማሪያ መንገድ ያስተማረ መምህር በአንድ ስም መጠራታቸው ለቃሉም ለሥራውም አይጠቅምም።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ዕንቅፋት መነሣት አለበት። የመንግሥት ንብረት የሚወጣው በሞዴል 22 ነው። ኮምፒዩተሩን ወይም ፕሮጀክተሩን ከዕቃ ግምጃ ቤት ያወጣው መምህር ፈርሞ ይረከባል። ዕቃው ቢሰበር፣ ቢሰረቅ ወይም በኤሌክትሪክ መዋዠቅ ቢቃጠል በመጀመሪያ የሚጠየቀው የፈረመው ሰው ነው። እንግዲህ ሁለት መምህራንን እናስብ። አንደኛው ክፍሉን ቈልፎ ቊልፉን በኪሱ ይይዛል፤ በዓመቱ መጨረሻ ቈጠራ ሲደረግ ሃያ ኮምፒዩተር ተረክቦ ሃያውንም ከነፕላስቲካቸው ያስረክባል። ሁለተኛው ክፍሉን በየቀኑ ከፍቶ አራት መቶ ተማሪ ያስተምርበታል፤ በዓመቱ መጨረሻ ሦስቱ ተበላሽተው ይገኛሉ። በንብረት መዝገብ ፊት ምስጉኑ የፊተኛው ነው፤ የኋለኛው ግን ደብዳቤ ይጻፍበታል። ቈላፊው በሚመሰገንበትና ከፋቹ በሚቀጣበት ቤት ውስጥ የምስክር ወረቀት ማደል ከንቱ ድካም ነው። በአገልግሎት ያለቀ መሣሪያ በደንቡ መሠረት በጊዜው ከመዝገብ እንዲሰረዝ ማድረግ፣ ለጥገናም በየዓመቱ በጀት መያዝ የሽልማቱ የመጀመሪያ ክፍል ሊሆን ይገባል።

መለኪያውን በተመለከተ ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ።

አንደኛ፣ ተማሪው ምን አተረፈ? መልሱ የሚገኘው በመምህሩ ሪፖርት ውስጥ ሳይሆን በተማሪው ደብተርና በተማሪው አንደበት ነው። መርማሪው ሳይነገር ወደ ክፍል ገብቶ ቢቀመጥ በአንድ ክፍለ ጊዜ ብዙ ይማራል።

ሁለተኛ፣ ከመምህሩ ሌላ ስንት ባልደረቦች ተማሩ? ብልሃቱን ለብቻው የያዘ ሰው ባለሙያ ሊባል ይችላል፤ መሪ ግን አይባልም። የአማርኛው መምህርት በስልኳ የተማሪን ንባብ ቀድታ መልሳ የምታሰማ ከሆነ፣ ያን ያስተማራት ማን እንደሆነ ይጠየቅ።

ሦስተኛ፣ መምህሩ ወደ ሌላ ት/ቤት በተዛወረ ጊዜ ሥራው ይቀጥላልን? ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው። መምህሩ ሲሄድ ክፍሉ ከተቈለፈ የተመራ ነገር አልነበረም ማለት ነው። ስለዚህ ይህን ሽልማት መስጠት ያለባቸው ዓመት ሁለት ዓመት ጠብቀው የሚመለከቱ ታጋሽ ዳኞች ናቸው።

እነዚህ ጥያቄዎች በከተማውና በገጠሩ መካከል ያለውን ልዩነትም ያስታርቃሉ። ሽልማቱ በመሣሪያ ብዛት ቢለካ የአዳማና የቢሾፍቱ ት/ቤቶች ሁልጊዜ ቀዳሚ ይሆናሉ። በእጅ ከነበረው ላይ ምን ተሠራ ተብሎ ቢለካ ግን አንድ ራዲዮ ያለው የቦራ ወይም የሉሜ የገጠር መምህር ሠላሳ ኮምፒዩተር ካለው ጋር በእኩልነት ሊቆም ይችላል።

አንዱን መሸለም ሌላውን ማስቀየም ነው የሚሉ አሉ። ሥጋቱ መሠረት የሌለው አይደለም። መምህራን የሚያዝኑት ግን ባልደረባቸው በመሸለሙ ሳይሆን በምን እንደተሸለመ ባለማወቃቸው ነው። መለኪያው በዓመቱ መጀመሪያ በሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ፣ ጥቆማው ከርእሰ መምህሩ ብቻ ሳይሆን ከመምህራኑም ቢመጣ፣ ተሸላሚው የተመረጠበት ምክንያትም በግልጽ ቢነበብ ሐሜቱ ይቀንሳል።

ስለ ሽልማቱ ዓይነትም አንድ ቃል መናገር ያስፈልጋል። የምስክር ወረቀት መልካም ነው፤ በቤት ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ልጆች ያዩታል። ነገር ግን ባልደረቦቹን የሚያሠለጥን መምህር ከሁሉ ይልቅ የሚያጣው ጊዜን ነው። ስለዚህ ከሳምንታዊ ክፍለ ጊዜው ጥቂቱ ቢቀነስለትና ያ ጊዜ ለማሠልጠን መሆኑ በፕሮግራሙ ላይ ቢጻፍ ከጋቢና ከጽዋ የበለጠ ሽልማት ነው። ሥራው በግል ማኅደሩ ገብቶ ለደረጃ ዕድገቱ ቢቈጠርለት ደግሞ ክብሩ ከበዓሉ ቀን ያልፋል። የቴክኒክ ዕርዳታም ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1993 ናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተው ተቋም ዛሬ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ነው። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎችና መምህራን በዓመት ለጥቂት ቀናት በአካባቢው ት/ቤቶች የተበላሹ መሣሪያዎችን ቢጠግኑ፣ ተሸላሚው መምህርም ከእነርሱ ጋር ቆሞ ጥገናውን ቢማር ሁለቱም ይጠቀማሉ።

የትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ከ2023 እስከ 2028 የሚዘልቅ የዲጂታል ትምህርት ስትራቴጂ አውጥቷል። በ2016 ዓ.ም. ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ከፊሎቹ ብሔራዊውን ፈተና በኮምፒዩተር ወስደዋል። እንግዲህ መሣሪያው መምጣቱ አይቀርም። ጣቱን በኮምፒዩተር ቊልፎች ላይ አሳርፎ የማያውቅ ልጅ በፈተና ቀን ከማሽኑ ጋር ሲተዋወቅ የሚጎዳው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ያ ልጅ ቀደም ብሎ እንዲለምደው ክፍሉን የከፈተለት መምህር ለዚያ ልጅ ያደረገውን የሚመዝን ማኅበር ያስፈልገዋል።

ንግግሩ ወደ ተነሣበት ወደ ቆቃ ይመለስ። ግድቡ ከተመረቀ ከስድሳ ዓመታት በላይ አልፈዋል። በእነዚህ ዓመታት ከላይኛው አዋሽ ተፋሰስ እየታጠበ የወረደው አፈር ከሐይቁ የውኃ መያዣ ከፍ ያለውን ክፍል በደለል ሞልቶታል። ግድቡን ለመሥራት ጥቂት ዓመታት በቅተዋል፤ ከደለል ለመጠበቅ ግን በላይኛው አገር እርከን የሚሠራና ዛፍ የሚተክል ብዙ ሺህ ገበሬ በየዓመቱ ያስፈልጋል። ግድቡን ያስገነቡት ሰዎች በታሪክ ተጽፈዋል፤ እርከን የሠራውን ገበሬ ግን ከመንደሩ በቀር የሚያውቀው የለም።

በየት/ቤቱ ያሉት መሣሪያዎችም ደለል አላቸው፤ እርሱም አቧራው፣ ቊልፉ፣ ፍርሃቱና መረሳቱ ነው። ይህን ደለል በየቀኑ የሚጠርጉት መምህራን እነማን እንደሆኑ የሥራ ባልደረቦቻቸው ያውቋቸዋል። ስለሆነም የማኅበሩ አባላት ከዚህ አዳራሽ ሲወጡ አንድ ተግባር ይዘው እንዲሄዱ ይጠየቃሉ። እያንዳንዱ አባል በት/ቤቱ ክፍሉን ከፍቶ የሚያስተምረውን አንድ መምህር ወይም አንዲት መምህርት አስቦ ስማቸውንና የሠሩትን ሥራ በግማሽ ገጽ ጽፎ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይላክ። በቀጣዩ ዓመት ስብሰባ ከሽልማቱ በፊት የሚነበቡት እነዚያ ግማሽ ገጾች ይሁኑ።